መሸኛውን ዜጋው አይሸከም፦ ለኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በቀበሌ መዝገብ፣ በክልል የመረጃ ቋትና በፋይዳ መካከል ሊኖር ስለሚገባው ልውውጥ

የተከበራችሁ የሚኒስቴሩ ኃላፊዎች፣

አንድ ሰው ኑሮውን ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ ሲያዛውር በቅድሚያ ነባሩ ቀበሌ ሄዶ ማመልከቻ ያስገባል። ማህደሩ ከመዝገብ ቤት ይወጣል፤ የቀበሌ ቤት ኪራይ ወይም ሌላ ዕዳ እንደሌለበት ይጣራል፤ የነዋሪነት መታወቂያውን ያስረክባል፤ ፎቶግራፉ ላይ ማህተም ያረፈበት መሸኛ ተጽፎ በእጁ ይሰጠዋል። ተቀባዩ ወረዳ ደብዳቤው እውነተኛ መሆኑን ለማወቅ ወይ ስልክ ይደውላል፣ ወይ የማረጋገጫ ደብዳቤ ይጽፋል። መልሱ እስኪመጣ ድረስ ሰውየው የየትም ነዋሪ አይደለም፤ የድሮውን መታወቂያ አስረክቧል፣ አዲሱ አልተሰጠውም።

ይህ ሰው ፋይዳ፣ ማለትም ብሔራዊው ዲጂታል መታወቂያ፣ ሊኖረው ይችላል። የአሥር ጣቶቹ አሻራ፣ የሁለቱም ዓይኖቹ አይሪስና የፊቱ ምስል በፌዴራል ቋት ተቀምጧል። ያም ሆኖ ጉዳዩን የሚያስፈጽምለት ማህተም ያረፈበት ወረቀት ነው። ፋይዳ ሰውየው ማን እንደሆነ ያረጋግጣል እንጂ የትኛው ቀበሌ ማህደር እንዳለው፣ ያገባ ወይም የፈታ መሆኑን አይናገርም። ይህን የሚያውቀው ቀበሌው ነው፤ ቀበሌው ያለው ደግሞ በክልሉ መዋቅር ውስጥ ነው። ሁለቱ ስለማይነጋገሩ መልእክተኛው ዜጋው ሆኗል።

የሕግ ክፍተት ነው የሚል ካለ አንስማማም። አዋጅ ቁጥር 760/2004 ልደት በ90 ቀን፣ ሞት፣ ጋብቻና ፍቺ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገቡ አዝዟል። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 አለ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ። የፌዴራልና የክልል መንግሥታት በምን መድረክ ተገናኝተው እንደሚስማሙ የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 1231/2013ም አለ። የጎደለው፣ የትኛው መረጃ የማን እንደሆነ በአንድ ገጽ ላይ ጽፎ መፈራረም ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄያችን ሰርቨር አይደለም። እያንዳንዱ መረጃ አንድ ባለቤት ይኑረው። አሻራ፣ አይሪስና የፊት ምስል የፋይዳ ይሁኑ። የልደት ቀንና የወላጆች ስም የልደት መዝገቡ፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት የክብር መዝገብ ሹሙ (እነዚህን ኩነቶች የሚመዘግበው ሠራተኛ)፣ የመኖሪያ አድራሻ የቀበሌው ወይም የወረዳው። ሌላው መሥሪያ ቤት ሲያስፈልገው ይጠይቅ እንጂ ገልብጦ ለራሱ አያስቀምጥ፤ ግልባጭ ያረጃል፣ ሁለት ግልባጭ ሲጋጭም ፍርድ ቤት የሚመላለሰው ያው ዜጋ ነው። ስህተት ሲገኝ የሚያርመው ባለቤቱ ብቻ ይሁን፣ እርማቱም መረጃውን ሲጠይቁ ለነበሩት ሁሉ በራሱ ይድረስ።

አሁን ወደ ዝርዝሩ። ብዙ የተደከመባቸው ሲስተሞች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው።

ስምን እንይ። «ኃይለሥላሴ» የሚለው ስም የመጀመሪያ ፊደሉ በስድስት መልክ ይጻፋል፦ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ። «ሥ» እና «ስ» ይለዋወጣሉ፤ «ሴ» እና «ሤ» ይለዋወጣሉ፤ ስሙ ተያይዞም ተለያይቶም ይጻፋል። ስድስት በሁለት፣ በሁለት፣ በሁለት ሲባዛ 48 አጻጻፍ ይሆናል። ኮምፒውተሩ 48 የተለያዩ ሰዎች አድርጎ ያያቸዋል። መፍትሔው የሰውን ስም ማረም አይደለም፤ ባለቤቱ እንደሚጽፈው ይቀመጥ። ከጎኑ ግን ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ሁለተኛ ቅጂ ይኑር፤ በዚያ ቅጂ «ሐ» እና «ኀ» ወደ «ሀ»፣ «ሠ» ወደ «ሰ»፣ «ዐ» ወደ «አ»፣ «ፀ» ወደ «ጸ» ይመለሱ፣ «ሃ» እና «ሀ» አንድ ይሁኑ፣ ክፍተቱም ይነሣ። ይህ ቅጂ በማንም ሰነድ ላይ አይታተም።

ክልል ከክልል ሲገናኝ ችግሩ ይብሳል። ጫልቱ የሚለው ስም በቁቤ፣ ማለትም ኦሮምኛ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ ሲጻፍ በላቲኑ «ሲ» ይጀምራል፤ ፓስፖርት ላይ በእንግሊዝኛ ድምፅ ሲጻፍ «ሲ» እና «ኤች» ይሆናል። በቁቤ ግን «ሲ» እና «ኤች» ተጣምረው የሚሰጡት «ች»ን እንጂ «ጭ»ን አይደለም። ጥላሁን በቁቤ በ«ኤክስ» ይጀምራል፣ በእንግሊዝኛው አጻጻፍ በ«ቲ»። ስለዚህ «ስም በላቲን» የሚል አንድ ሳጥን ብቻ ያለው ቅጽ ሁለት የአጻጻፍ ሥርዓቶችን እያጋጨ ነው። ሦስት ሳጥን ያስፈልጋል፦ በክልሉ የሥራ ቋንቋ፣ በግዕዝ ፊደል፣ በፓስፖርት አጻጻፍ። አንድ ሰው ከአንድ መዝገብ ጋር የሚገጥመውም በስሙ ሳይሆን በቁጥሩ ይሁን፤ ስሙ ባለሙያው በዓይኑ የሚያመሳክርበት ብቻ ይሁን።

የልደት ቀን ሁለተኛው ወጥመድ ነው። ጥቅምት 5 ቀን 1990 የተወለደ ሰው በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ልደቱ ኦክቶበር 15 ቀን 1997 ነው። መዝጋቢው በልማድ ስምንት ዓመት ሲደምርለት 1998 ይሆናል፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ ልዩነቱ ሰባት መሆኑ ተረስቷል። ሌላው መዝጋቢ ቀኑን ሳይቀይር 5/2 ብሎ ይጽፈዋል፣ ሲስተሙም ፌብሩዋሪ ብሎ ያነበዋል። ጳጉሜ የተወለደ ልጅ ደግሞ የወር ዝርዝሩ 12 ላይ የሚያበቃ ሶፍትዌር ሲገጥመው ወይ ነሐሴ 30 ወይ መስከረም 1 ተብሎ ይመዘገባል። ጳጉሜ 6 በሆነችበት ዓመት ማግስት መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ ስለሚውል እስከ ፌብሩዋሪ ማብቂያ ድረስ የቀኖቹ ስሌት በአንድ ይገፋል፤ በጣት የሚቆጥር ሰው ይህን ሁልጊዜ አያስታውስም። ስለዚህ የሚመዘገበው ወላጅ የተናገረው የኢትዮጵያ ቀን ራሱ ይሁን፣ የየትኛው አቆጣጠር መሆኑ አብሮ ይጻፍ፣ ልወጣውን ሶፍትዌሩ ይሥራ። ለሁሉም ክልሎች አንድ ዓይነት የልወጣ ኮድ ከሚኒስቴሩ ቢሰጥ ወጪው ኢምንት ነው። ቀጠሮ የሚሰጡ ሲስተሞችም እንዲሁ፤ ጠዋት 3 ሰዓት ለመጣ ባለጉዳይ «ቀጠሮህ 9 ሰዓት ነው» ማለት ቀኑን መንጠቅ ነው።

ሦስተኛው የቦታ ኮድ ነው። ሲዳማ በ2012፣ ደቡብ ምዕራብ በ2014፣ ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ በ2015 ክልል ሆነዋል። የቀድሞው የደቡብ ክልል ስም ያለበትን የልደት የምስክር ወረቀት ይዞ የሚመጣ ሰው ግን ብዙ ነው፤ ሲስተሙ የሚያውቀው የዛሬውን ዝርዝር ብቻ ከሆነ ሰነዱን ይጥለዋል። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ሰው በአፉ ቀበሌ ቢልም መዋቅሩ ወረዳ ነው፤ «ቀበሌ» የሚለውን ሳጥን ግዴታ ያደረገ ቅጽ መዝጋቢውን ቁጥር ፈጥሮ እንዲሞላ ያስገድደዋል። እያንዳንዱ ኮድ ከመቼ እስከ መቼ እንደሠራና በምን እንደተተካ የሚያሳይ አንድ ሠንጠረዥ በሚኒስቴሩ ይጠበቅ።

ስለ መስመሩ አጭር ነገር እንበል። 12 ክልሎችና 2 የከተማ አስተዳደሮች አሉ። እያንዳንዱ ከእያንዳንዱ ጋር በየራሱ ስምምነት ቢገናኝ 91 መስመር ያስፈልጋል፤ ሁሉም በአንድ የልውውጥ መስመር ቢያልፉ 14። ክልሎች የራሳቸውን ሲስተም ይያዙ፤ የጋራ መሆን ያለበት የጥያቄውና የመልሱ ቅርጽ ነው።

መሸኛውን በዚህ መንገድ መተካት ይቻላል። ባለጉዳዩ ተቀባዩ ወረዳ መስኮት ላይ ቀርቦ የፋይዳ ቁጥሩን ይሰጣል፣ በአሻራው ወይም በስልኩ በሚደርሰው ኮድ ይፈቅዳል። ጥያቄው ወደ ነባሩ ቀበሌ ይሄዳል። የሚመለሱት አምስት ነገሮች ብቻ ናቸው፦ ስም፣ ማህደሩ መኖሩ፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ ዕዳ መኖር አለመኖሩ፣ መልሱ የተሰጠበት ቀን። ነባሩ ማህደር ወዲያው አይዘጋ፤ «በዝውውር ላይ» ተብሎ ይቆይና ተቀባዩ «ተቀብያለሁ» ሲል ይዘጋ። በ30 ቀን ውስጥ ተቀባይ ካልተገኘ ወደነበረበት ይመለስ። እንዲህ ከሆነ ሰውየው አንዲት ቀን እንኳ መታወቂያ አልባ አይሆንም፣ በሁለት ቦታ ነዋሪ ሆኖም አይቆጠርም።

አንድ ነገር በጥብቅ እናሳስባለን። ፋይዳ ብሔርና ሃይማኖት አይመዘግብም፤ ትክክለኛ ውሳኔ ነው። አንዳንድ ነባር የቀበሌ ቅጾች ላይ ግን ብሔር የሚል መስመር አለ። ያ መስመር በምንም መልኩ ወደ ልውውጡ እንዳይገባ በቴክኒክ ይታገድ፤ በመመሪያ መከልከል ብቻውን አይበቃም። ማን፣ መቼ፣ ለምን ጉዳይ መረጃውን እንደጠየቀ ዜጋው ራሱ ማየት ይቻለው።

ሞት ለብቻው ጥንቃቄ ይፈልጋል። ውርስ ወይም ጡረታ ከሌለ ቤተሰብ ሞትን ለማስመዝገብ የሚገፋፋው ነገር የለም፤ ስለዚህ የሟች ቁጥር በሕይወት እንዳለ ሰው ቁጥር ሲሠራ ይቆያል። በየቀበሌው የተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ልደትንም ሞትንም ከማንም ቀድመው ይሰማሉ፤ የሚልኩት ሪፖርት ግን በአብዛኛው ቁጥር ነው። እነሱ ለክብር መዝገብ ሹሙ ጥቆማ የሚልኩበት አጭር ቅጽ ይዘጋጅ። የሞት መልእክት ወደ ፋይዳ የሚያልፈው በሁለት ሰው ሲረጋገጥ ይሁን፣ ቁጥሩም ይታገድ እንጂ አይሰረዝ። በስህተት ሞተ የተባለ ሰው የትኛውም የፋይዳ ጣቢያ ሄዶ በአሻራው በዚያው ቀን ቁጥሩን የሚያስመልስበት መንገድ አስቀድሞ ይዘርጋ።

መብራትና ኔትወርክ በሌለበት ይህ ሁሉ ከንቱ ነው የሚል ሰው ይኖራል። ሲስተሙ ኔትወርክ ሁልጊዜ አለ ብሎ ከተሠራ አዎ። ያለ ኔትወርክ መዝግቦ በቀን አንዴ የሚልክ ከሆነ ግን ይሠራል። 45 ዋት የሚወስድ ላፕቶፕና 10 ዋት የሚወስድ ሞደም በ8 ሰዓት 440 ዋት-ሰዓት ይፈጃሉ፤ ባለ 200 ዋት የሶላር ፓኔልና ባለ 12 ቮልት 100 አምፔር-ሰዓት ባትሪ ይበቃቸዋል። መስመሩ ተቋርጦ መልእክት ሁለቴ ሲላክ አንድ ልጅ ሁለት ሆኖ እንዳይመዘገብ፣ የመልእክቱ መለያ ቁጥር እዚያው ቀበሌው ኮምፒውተር ላይ ይፈጠር። በአጭር የጽሑፍ መልእክት ለማሳወቅ የምታስቡም ከሆነ፣ በግዕዝ ፊደል አንድ መልእክት የሚይዘው 70 ፊደል ብቻ መሆኑ ይታሰብበት፤ በላቲን 160 ነው። ወጪው ከእጥፍ ሊበልጥ ይችላል።

ለቀበሌውም የሚመለስ ነገር ይኑር። እስካሁን ቀበሌ ይልካል፣ ወደ ላይ ይሄዳል፣ መልስ አይመጣም። ባለሙያው ጥያቄ ጠይቆ በደቂቃ መልስ ካላገኘ ወደ ወረቀቱ ይመለሳል፤ ልንፈርድበትም አይገባም።

በመጨረሻ የምንጠይቀው ሙከራ ነው። አዲስ አበባና አዳማ ፊደላቸውም መዋቅራቸውም ይለያያል፣ ሰው ግን በየቀኑ በመካከላቸው ይመላለሳል። ከአዲስ አበባ አንድ ወረዳ፣ ከአዳማ አንድ ቀበሌ፣ ከእነሱም ጋር ኔትወርክ የሚቆራረጥበት አንድ የገጠር ወረዳ ይመረጥ። ለስድስት ወር መሸኛ ብቻ በዚህ መንገድ ይካሄድ። ወረቀቱም ጎን ለጎን ይቀጥል፣ የሁለቱ ውጤት በየሳምንቱ ይነጻጸር፤ ያልተዛመዱት ስሞችና ቀኖች የግለሰብ መለያ ተነሥቶላቸው በይፋ ይውጡ። መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት ወደ ክልሎች እየሰፋ ስለሆነ፣ አዳዲሶቹ መስኮቶች ከመከፈታቸው በፊት የመረጃ ባለቤትነቱ ገጽ ተፈርሞ እንዲወጣ እንጠይቃለን።

ከአክብሮት ጋር
በሲቪል ምዝገባና በመረጃ ሥርዓት ላይ የምንሠራ ባለሙያዎች

ግልባጭ፦
ለብሔራዊ መታወቂያ ፕሮግራም
ለኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት
ለአዲስ አበባ ከተማ የሲቪል ምዝገባና የነዋሪነት አገልግሎት ኤጀንሲ