አባባ፣ አይደብቁኝ

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔና ልጄ ከናፍቆትዎ በቀር ደህና ነን፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ባለፈው ስደውል ድምፅዎ ደክሞብኝ ብጠይቅዎ “ጉንፋን ነው” አሉኝ። ጉንፋን ሁለት ወር አይቆይም አባባ። ለማንኛውም እመለስበታለሁ።

ልጄ ሰባት ዓመት ሞላው። የላኩለትን የደንገል ታንኳ ገንዳ ውስጥ ሲቀዝፍባት ውሎ አበሰበሳትና “አያቴ ፀሐይ ላይ ትድረቅ ብሎኛል” ብሎ መስኮት ላይ አሰጣት። የዚህ የኖርዌይ ከተማ የበርገን ዝናብ ግን መቼ ያባራና!

ሥራዬን ጠይቀውኝ አያውቁም። ስሄድ “ዓይን የማያየው ነገር እንጀራ ይሆናል?” አሉኝ፤ በዚያው ቀረ። ዛሬ ልንገርዎ። የማጠናቸው ረቂቅ ተሕዋስያን አርኬያ ይባላሉ። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ባክቴሪያ ስለሚመስሉ ሁሉም ባክቴሪያ ይላቸው ነበር። በፈረንጆች 1977 ካርል ዎዝ እና ጆርጅ ፎክስ የተባሉ ተመራማሪዎች ዘራቸው ሌላ መሆኑን አሳዩ። ከዚያም በኋላ ቢሆን የፍል ውኃና የጨው ሐይቅ ነዋሪዎች ናቸው ሲባል ቆይቶ፣ በ1992 በተራው ቀዝቃዛ የባሕር ውኃ ውስጥ ተገኙ። ሐዋይ አጠገብ ጥልቁ ውኃ ሲቆጠር ከደቂቃን ሴሎቹ እስከ 39 ከመቶ የሚሆኑት እነሱ ነበሩ። ያን ያህል ዘመን መርከብ ሲያልፍባቸው፣ መረብ ሲጣልባቸው ያወቃቸው የለም። ከሞተውና ከበሰበሰው የሚወጣውን አሞኒያ ወደ ናይትራይት ይለውጡታል፤ ከዚያ በሚያገኙት ጉልበት ያለ ፀሐይ ይኖራሉ። ይህን የሚሠራ አርኬያ በ2005 ለመጀመሪያ ጊዜ ተለይቶ ያደገው ከአንድ የዓሣ ማሳያ ገንዳ ጠጠር ተወስዶ ነው።

ከሁሉ የምወደው ግን ጃፓኖች ከባሕር ወለል ጭቃ አውጥተው ያሳደጉትን አርኬያ ነው። ልጅ ሳለሁ የጣናን ጥልቀት በገመድ ለክተው አሳይተውኝ ነበር፤ እጅግ ቢጠልቅ 14 ሜትር ገደማ ነው። ያ ጭቃ ግን የወጣው ከ2,533 ሜትር ጥልቀት ነው። 12 ዓመት ታግሠው ጠበቁት። አንዱ ሁለት ለመሆን ከ14 እስከ 25 ቀን ይፈጅበታል። ረዣዥም ክንዶች ያወጣል። የእርስዎም የእኔም፣ የቆሮሶ ዓሣውም የደንገሉም ሴል የመጣው ከእንዲህ ካለው ዘመድ ነው ብለን ብዙዎቻችን እናስባለን። ደግሞ ብቻውን አይኖርም። የሚተፋውን ሃይድሮጅን አጠገቡ ያለው ሌላ ተሕዋስ ይመገብለታል፤ ያ ጎረቤት ከሌለ የእሱም ሥራ ይቆማል። በ2020 ጽሑፉ ሲወጣ ይህን አንብቤ አለቀስሁ። ዓይኔ ላይ የመጡት እርስዎ ነዎት፤ እዚያ ቤት ውስጥ፣ አንድ ሲኒ ብቻ ቀርቦ።

እንግዲህ ልናገረው። እማዬ ስታርፍ መርዶዋን የነገራችሁኝ ከአርባዋ በኋላ ነው። “ፈተና ላይ ናት፣ አትረበሽ” ብላችሁ። በየሳምንቱ ስደውል “ገበያ ወጥታለች”፣ “ቤተ ክርስቲያን ናት” ትሉኝ ነበር። እሷ አፈር ውስጥ ነበረች። ለእኔ አዝናችሁ እንደሆነ አውቃለሁ፤ አገራችን እንዲህ ያደርጋል። እኔ ግን አልቀበርኋትም፤ ለቀስተኛ መካከል አልተቀመጥሁም፤ ስልክ ጆሮዬ ላይ ይዤ በረዶ መካከል ቆሜ ቀረሁ። ዛሬም ገበያ ላይ ያለች ይመስለኛል። በእርስዎ ላይ ቂም አልያዝሁም ብል እዋሻለሁ።

ስለዚህ አባባ፣ ሳልዎን ይታዩ። ለደረት ራጅ የሚሆን ገንዘብ ለእህቴ ልኬያለሁ። ሐኪሙ የጻፈውን ወረቀት ፎቶ አንስታ ትላክልኝ፤ “ደህና ናቸው” አይበቃኝም፣ ወረቀቱን ነው የምፈልገው። የግፊት መድኃኒትዎን አያቋርጡ። እምቦጭ ልንቀል ብለው በማለዳ ውኃ ውስጥ አይግቡ፤ ጎረምሶቹ ይንቀሉት። የእህቴም ልጅ መጥቶ ከእርስዎ ጋር ይደር፣ ትምህርት ቤቱም ይቀርበዋል። እምቢ እንዳይሉ።

እሑድ እደውላለሁ። ስልኩን እርስዎ ያንሱት። “ገበያ ወጥተዋል” እንዳልባል።

ልጅዎ