ቆላ ልትወርድ ነው አሉ

ውድ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ከረምህ? እማማ እንዴት ናቸው? ልጆቹስ? እኔ የእግዚአብሔር ክብሩ ይስፋ፣ ደህና ነኝ። መቼም ከተጠፋፋን ቆየን። ስልኩ ሲቋረጥ፣ መንገዱ ሲዘጋ፣ ሥራው ሲደራረብ ዓመት በዓመት ላይ ተደረበ። አንተን ያላነሳሁበት ጊዜ ግን የለም።

ሰሞኑን ጎንደር ወጥቼ እህትህን አገኘኋት። ግንቦት ላይ እኔ ወዳለሁበት ወደ መተማ እንደምትወርድ ነገረችኝ። የሰሊጥ እርሻ ተቆጣጣሪ ሆነህ፣ እስከ አጨዳው መጨረሻ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ግን ደግሞ «እሱ ጊንጡን ብቻ ነው የፈራው፤ ሌላውን እችለዋለሁ ይላል» ስትለኝ ሐሳብ ገባኝ። ይህን ደብዳቤ ቁጭ ብዬ የምጽፍልህም ለዚያ ነው።

የጊንጡን ነገር አስቀድሜ ልጨርስልህ። አዎ፣ አለ። ጠዋት ጫማህን ሳታራግፍ እግርህን አታስገባ። መሬት ላይ አትተኛ፣ አልጋ ይኑርህ። በአጨዳ ጊዜ የሰሊጥ ሂላ (የታጨደው ሰሊጥ ክምር) ሲነሳ ከሥሩ እጅህን ዝም ብለህ አትስደድ። አልትራቫዮሌት ባትሪ ካገኘህ ግዛ፤ በዚያ ብርሃን ጊንጥ በጨለማ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። ከነደፈህ አትብጣው፣ አትተኩሰው፣ በአፍህም አትምጠጠው። እጠበውና ቀዝቃዛ ጨርቅ ያዝበት። የተነደፈው ሕፃን ከሆነ፣ ወይም ትልቅ ሰውም ሆኖ ትንፋሽ ካጠረው፣ ቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ነው። ያማል፣ በጣም ያማል። ለጤነኛ ትልቅ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ያልፋል።

ንብ ከተነሳብህ እጅህን አታወናጭፍ፣ ፊትህን ሸፍነህ ወደ ቤት ሩጥ። መዥገር ከያዘህ በወረንጦ ከቆዳህ ሥር ይዘህ ቀጥ አድርገህ ሳበው፤ በክብሪት አታቃጥለው። ይኸው ነው።

እኔ የምፈራልህ የሚያስጮኸውን አይደለም። ድምፅ የሌላትን ነው።

የአሸዋ ዝንብ ይሏታል። ስሟ ዝንብ ይሁን እንጂ ከትንኝ ታንሳለች፤ ብትበዛ 3 ሚሊ ሜትር ነች። አንድ ማታ ግድግዳ ላይ ባትሪ አብርቼ ከቅርብ አየኋት። መልኳ ገለባማ ነው። ገላዋ በጥቃቅን ጠጉር የተሸፈነ ነው። ክንፎቿን እንደ ሌላው ትንኝ ጀርባዋ ላይ አታጥፍም፣ ወደ ላይ አቁማ ነው የምትቀመጠው። ጣቴን ሳስጠጋ በርራ አልሄደችም፤ አንድ ስንዝር ያህል ፈንጠር ብላ እንደገና ተቀመጠች። ጆሮህ ሥር መጥታ ጢዝ አትልም። መነከስህን የምታውቀው ከሄደች በኋላ ነው፣ ያውም ካወቅህ።

ቤቷ እርሻህ ውስጥ ነው። የቆላው ዋልካ አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁ ክንድህን ይውጣል። ውስጡ ቀዝቀዝና ረጠብ ያለ ስለሆነ ቀን እዚያ ተደብቃ ትውላለች። ጀምበር ስትጠልቅ ትወጣለች። ግራርና በደና የሚባለው ዛፍ ያለበት ቦታ ደግሞ ትበዛለች። ጊዜዋ ክረምቱ ጠንክሮ ስንጥቁን እስኪደፍነው ድረስ፣ ከመጋቢት እስከ ሰኔ ነው። አንተ የምትወርደው ግንቦት ላይ! ለሥራ የሚመጣው ሰው ደግሞ ሙቀቱን ሸሽቶ ማታ ግራር ሥር ነው የሚያነጥፈው።

በንክሻዋ የምታስተላልፈው በሽታ ካላ አዛር ነው። ትኩሳቱ ሳምንታትን ይሻገራል። ሰውየው ይከሳል፣ ደም ያንሰዋል፣ ጣፊያው ያብጣል፣ ሆዱ ይነፋል። ካልታከመ ከ100 ሰው ከ95 በላይ ይገድላል። ኤች አይ ቪ ያለበት ሰው ላይ ሲደርስ ይከፋል፣ ደጋግሞም ያገረሻል። መድኃኒት ግን አለው። ለ17 ቀን በየቀኑ የሚሰጥ መርፌ ነው፣ በጊዜ የደረሰ ሰው ይድናል። የሚያንገበግበኝ በጊዜ የማይደርሰው ነው። «ጣፊያ ነው» ተብሎ ሆዱን የተተኮሰ ልጅ አይቻለሁ። ጠባሳው እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

አንተ የአዲስ ዘመን ከተማ ልጅ ነህና እ.ኤ.አ. በ2005 የሆነውን ታስታውሳለህ። እዚያው ሊቦ ከምከም ወረዳ ላይ ሰው በትኩሳት ሲያልቅ መጀመሪያ መድኃኒት የማይበግረው ወባ ነው ተብሎ ነበር። ሰው የወባ መድኃኒት እየዋጠ አልሻለው አለ። በኋላ ሲመረመር ካላ አዛር ሆኖ ተገኘ። ያኔ ደጋ ነው በተባለ አገር ማንም አልጠረጠረውም። ቆላ ወርደው ከሠሩ ሰዎች ጋር እንደመጣ ይገመታል። እንግዲህ አንተም አጨዳው ካለቀ በኋላ ቤትህ ገብተህ ትኩሳት ከያዘህ ለሐኪሙ «መተማ ነበርኩ» በለው። እሱ ካልጠየቀህ አንተ ተናገር። ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ ደግሞ የካላ አዛር ምርመራ ጠይቅ። ከጣት ደም ወስደው የሚያዩት ፈጣን ምርመራ አለ።

ወባውም ቢሆን የዋዛ አይደለም። ዝናቡ ቀለል ሲል፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ልክ አጨዳው ሲጧጧፍ ይነሳል። የከብት ኮቴ ላይ የተጠራቀመ ውሃ እንኳ ለትንኟ ይበቃታል። እኛ ደገኞች ደግሞ ሰውነታችን አልለመደውም፣ ቶሎ ይጥለናል። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ራስ ምታት ከተሰማህ «ነገ ይሻለኛል» አትበል። በዚያው ቀን ተመርመር። ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ዓይነት ከሆነ በአብዛኛው ኮአርተም የሚባል መድኃኒት ይሰጡሃል፤ ለ3 ቀን ጠዋትና ማታ፣ ከምግብ ወይም ከወተት ጋር ነው። በሁለተኛው ቀን ሲሻልህ አታቋርጥ። ቫይቫክስ የሚባለው ዓይነት ከሆነ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ሊመለስብህ ስለሚችል፣ ለዚያ የሚሰጡህንም መድኃኒት ጨርስ።

አሁን ወደ አጎበሩ ልምጣ፤ ከሁሉ የምትይዝልኝ ይህን ነው። ተራ አጎበር የአሸዋ ዝንብ ታልፈዋለች፣ ቀዳዳው ይሰፋታል። ስለዚህ በመድኃኒት የተነከረውን ያዝ። ዓይኑ የጠበበ ካገኘህ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ። አራቱን ማዕዘን ወጠር አድርገህ እሰር፣ ጫፉን ዙሪያውን ከፍራሹ ሥር ጠቅጥቀው። ክንድህ አጎበሩን ነክቶ ካደረ በጨርቁ በኩል ትነክስሃለች። በየምሽቱ ባትሪ አብርተህ ቀዳዳ ፈልግ፣ ያገኘኸውን ወዲያው ስፋው። ከምሽት ጀምሮ እጅጌ ረጅም ልበስ፣ የትንኝ ቅባት እግርህና አንገትህ ላይ ተቀባ። ማራገቢያ ካለ ወደ አልጋህ አዙረው፤ የአሸዋ ዝንብ በራሪነቷ ደካማ ነው፣ ነፋስ አትችልም። የኒም ቅጠል ማጨስ እዚህ የተለመደ ነው፣ ጥሩ ነው፣ አጎበሩን ግን አይተካም።

አንድ ልመና አለኝ። አንተ ተቆጣጣሪ ነህ፣ ክፍል ይሰጥሃል፣ አልጋ ይኖርሃል። የቀን ሠራተኛው ግን ላስቲክ አንጥፎ ሜዳ ላይ ነው የሚያድረው። የእርሻው ባለቤት ነዳጅና ማዳበሪያ ሲያስብ አጎበር አብሮ እንዲያስብ ንገረው። መኝታው ከግራሩና ከስንጥቁ ራቅ ይበል። የታመመ ሰው ሲኖር ቀኑን ሳትቆርጥበት ጤና ጣቢያ ላከው። ብዙዎቹ በሽታውን ደብቀው የሚሠሩት ደሞዝ እንዳይቀርባቸው ነው። ይህን ማድረግ የምትችለው አንተ ነህ፣ እኔ እዚህ ሆኜ በጩኸት አልቻልኩትም።

የምትነሳበትን ቀን ቁረጥና ላክብኝ፣ መናኸሪያ መጥቼ እቀበልሃለሁ። የተነከረ አጎበር አንድ ለአንተ አስቀምጫለሁ። ቅባቱንና ጥሩ ባትሪ ከጎንደር ይዘህ ና፣ እዚህ ሁልጊዜ አይገኝም። እማማን በእኔ ስም ጉልበታቸውን ሳምልኝ።

ያንተው፣
ከመተማ