ጥገኝነት ሕመም የሚሆነው መቼ ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ትዳርንም ሆነ ሥራን በቤተሰብ ምክር መወሰን ወግ በሆነበት አገራችን፣ የጥገኝነት ስብዕና መታወክን፣ ማለትም ሰው ያለ ሌሎች እገዛ መወሰንና ራሱን መቻል እጅግ የሚያቅተውን የአእምሮ ሕመም፣ ከተራ ታዛዥነት መለየት አስቸጋሪ ነው። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 እ.ኤ.አ. ያወጣው የምርመራ መመሪያም ከ8 መለያዎች ቢያንስ 5ቱን የሚጠይቅ ሲሆን፣ የባህሉ ልማድ የሆነውን መደጋገፍ ከሕመም አይቆጥርም። በተለይ የሚያሳስበው፣ ብቻውን መቅረትን አጥብቆ የሚፈራ ሰው የሚበድለውን እንኳ ትቶ መሄድ የሚያቅተው መሆኑ ነው።

ነርሷ ለእንዲህ ያለው ታካሚ ሁሉን ልወስንልህ ካለች፣ ደግነቷ ችግሩን ያባብሰዋል። ልብሱን እንደ መምረጥ ካለ ትንሽ ነገር ጀምሮ ራሱ እንዲወስን ማበረታታት፣ የእገዛዋን ወሰን በግልጽ መንገር፣ ከሆስፒታል ለሚወጣበት ቀንም አስቀድማ ማዘጋጀት ይኖርባታል። አስታማሚ ቤተሰብም ታካሚው ሲጠየቅ በእሱ ፈንታ መመለሱን ቢተው ሥራችንን ያቀልልን ነበር።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የአእምሮ ጤና ነርስ