ይድረስ ለወንድሜ፣ ስለ ጠርሙስ መርከቦቼ

ለጤናህ እንዴት ነህ? እማማስ? ልጆቹስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ይህን ያህል ጊዜ የተጠፋፋነው ተኳርፈን እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። «እደውላለሁ» እየተባባልን ዓመታት ሄዱ። ስልኩ አልሆነልንምና እንደ ድሮው ልጻፍልህ አልኩ።

የሥራውንና የኑሮውን ወሬ ሌላ ጊዜ አወራሃለሁ። ዛሬ የምነግርህ ሰው ሁሉ የሚስቅብኝን ነገር ነው። ጠርሙስ መሰብሰብ ጀምሬያለሁ። እንደ ቁራሌው ባዶውን እንዳይመስልህ፤ ውስጡ መርከብ ያለበትን ነው። ምሰሶዋ፣ ሸራዋ፣ ገመዷ የተሟላ ትንሽ መርከብ፣ ጣት በግድ በሚያስገባ አንገት አልፋ ጠርሙስ ውስጥ ተቀምጣለች። እዚህ ሃምቡርግ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ስዞር ነው የማገኛቸው። ባለቤቴ «ሳሎኑን ወደብ አደረግከው» ትለኛለች። አቧራውን የምትወለውለው ግን እሷ ናት፤ ከእኔ ይልቅ ሳትወዳቸው አትቀርም።

«እንዴት ገባች?» ማለትህ አይቀርም። በተለይ አንተ፣ የሰው ሬዲዮ ሳትፈታ እንቅልፍ የማይወስድህ! ጠርሙሱ ተቆርጦ የተቀጠለ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፤ አይደለም። መርከቧ የምትሠራው ውጭ ነው። አካሏ ከጠርሙሱ አንገት ይቀጥናል። ምሰሶዎቹ ግርጌያቸው ላይ ማጠፊያ ስላላቸው ወደ ኋላ ይተኛሉ፣ ሸራዎቹም አብረው ይታጠፋሉ። ጠርሙሱ ውስጥ ቀድሞ ሰማያዊ ስቱኮ ይነጠፋል፤ ባሕሩ እሱ ነው። መርከቧ እንደተኛች ትገባና ስቱኮው ላይ ትጣበቃለች። ከምሰሶዎቹ ተነስቶ በአፍንጫዋ በኩል ወደ ውጭ የሚወጣ ክር አለ። እሱ ቀስ ተብሎ ሲሳብ ምሰሶዎቹ ብድግ ይላሉ። ክሩ በሙጫ ይያዛል፣ ትርፉ ረጅም ሽቦ ላይ በታሰረ ስለት ይቆረጣል፣ ጠርሙሱም በቡሽ ይደፈናል። ሚስጥሩን ካወቅሁ በኋላ ይሰለቸኛል ብዬ ነበር፤ ጭራሽ ባሰብኝ።

ዓመተ ምሕረት ከተጻፈባቸው ሁሉ ቀዳሚዋ የ1784 ናት፤ ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው፣ አንተ ቀንሳቸው። የቬኒሱ ጆቫኒ ቢዮንዶ የሠራት ስትሆን፣ ያለችው ከዚህ በባቡር አንድ ሰዓት በማይሞላው ሉቤክ ነው። ነገሩ በደንብ የተስፋፋው ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ ጥርት ያለ ጠርሙስ በርካሽ መገኘት ሲጀምር ነው። ባሕር ላይ ወራት የሚከርም መርከበኛ ጊዜ አለው፣ ቢላ አለው፣ ባዶ ጠርሙስ ደግሞ መቼም አይጠፋም።

እኔን የያዙኝ የጦር ምርኮኞች የሠሯቸው ናቸው። በ1946 ብሪታንያ ውስጥ ወደ 400,000 የሚሆኑ የጀርመን ምርኮኞች ነበሩ። ልብ በል፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካለቀ በኋላ! የመጨረሻዎቹ አገራቸው የገቡት በ1948 ነው። ብዙዎቹ ቀን የገበሬ እርሻ ላይ ሲሠሩ ይውሉና ማታ እንጨት ይፍቃሉ። የልጆች መጫወቻ፣ ነጠላ ጫማ፣ ጠርሙስ ውስጥ መርከብ። ካናዳ የተወሰዱትም እንዲሁ ያደርጉ ነበር። የሠሩትን በሲጋራ ይለውጡታል፣ ወይም ላስጠጋቸው ቤተሰብ ይሰጡታል።

ከእነሱ በፊትም ይህንኑ ያደረጉ ነበሩ። እንግሊዝና ፈረንሳይ በፈረንሳይ አብዮትና በናፖሊዮን ዘመን ሲዋጉ፣ እንግሊዝ ውስጥ ፒተርቦሮ ከተማ አጠገብ ኖርማን ክሮስ የሚባል፣ በብዛት ፈረንሳዮች የታሰሩበት የምርኮኞች ካምፕ በ1797 ተከፈተ። ሺዎች ታጉረውበታል፤ 1,770 ያህሉ እዚያው ሞተዋል፣ አብዛኞቹ በ1800 እና በ1801 በገባ ወረርሽኝ። እነዚህ ሰዎች ከቀለባቸው ሥጋ የተረፈውን አጥንት አጥበው፣ ቀቅለው፣ ሰንጥቀው የጦር መርከብ ሠሩበት። ገመዱን አንዳንዴ ከሰው ጸጉር ይገምዱት ነበር። ብዙው ሥራቸው ፒተርቦሮ ሙዚየም ውስጥ አለ። እዚህም ሃምቡርግ የባሕር ሙዚየሙ የአጥንት መርከቦች ስብስብ አለው። መስታወቱ ላይ ግንባሬን ለጥፌ ስቆም ጥበቃው ሳይታዘበኝ አይቀርም።

ስለ እነዚህ ሥራዎች የሚያወራ ሰው ሁሉ ናፍቆት፣ ትዕግሥት፣ የነጻነት ምኞት ይላል። ይኖራል፣ አልክድም። ለእኔ ግን ጎልቶ የሚታየኝ ንግዱ ነው። ኖርማን ክሮስ በሩ ላይ ገበያ ነበረው፤ የአካባቢው ሰው እየመጣ ከምርኮኞቹ ይገዛል። ሥራውንም ተከፋፍለውት ነበር፤ አንዱ አጥንት ይቀርጻል፣ ሌላው ገመድ ይወጥራል። አስቂኙን ልንገርህ? ፈረንሳዮቹ ብዙ ጊዜ የእንግሊዝ መርከብ ስም ይጽፉበት ነበር። ገዢው እንግሊዛዊ ነዋ! አንዳንዱ መርከብ መጠኑ የተዛባ ነው፤ መድፉ ግን ድርድር ያለ ነው። ደንበኛ መድፍ ይወዳል። ለባርኔጣ የሚሆን የገለባ ጉንጉን መሸጥ ሲጀምሩ ደግሞ ተከለከሉ፤ የአገሬውን ሠራተኛ እንጀራ ነካ ተብሎ። ታስሮም፣ ተርቦም ገበያውን ያነበበ ሰው እኔን ከተከዘው ሰው በላይ ይስበኛል። ሚስቴ በዚህ አትስማማም፤ ልበ ደረቅ ነህ ትለኛለች።

የዛሬዎቹ ሻጮችም ገበያውን ያውቁታል። «አያቴ ተማርኮ ሳለ የሠራው ነው» ካሉ ዋጋው እጥፍ ነው። ስለዚህ ተረቱን ሰምቼ ዕቃውን አገላብጣለሁ። ገመዱ ናይለን ከሆነ ወይም ሸራው ፕላስቲክ ከሆነ ያው ለቱሪስት የተሠራ ነው። የቆየ ስቱኮ ይሰነጠቃል፣ ቀለሙ ይደበዝዛል። አንዷ መርከቤ ከኋላዋ በእህል ፍሬ መጠን የተቀረጹ ቤቶችና የመብራት ማማ አሏት። የጠርሙሷ ቂጥ ላይ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ጎልቶ ወጥቷል። ከእንግሊዝ ካምፕ የመጣች ናት ብል ደስ ይለኛል። ግን የእንግሊዝ ጠርሙስ ወደብ ከተማ ለመድረስ ምርኮኛ አያስፈልገውም። የሠሪው ስም የለም። አብዛኞቹ ላይ የለም።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። አጎትህ በደርግ ጊዜ ከርቸሌ ታስረው ሳሉ የሠሩት ሹራብ ትዝ ይልሃል? አረንጓዴው። እማማ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጠውት ነበር። ያኔ «ወንድ ልጅ ሹራብ ይሠራል?» እያልን ስቀናል። እስኪ ጠይቅልኝ፤ ማን አስተማራቸው? ክሩን ማን ያስገባላቸው ነበር? ይሸጡ ነበር ወይስ ለቤተሰብ ብቻ? ከተሸጠስ በስንት? እሳቸው ጨዋታ ይወዳሉ፣ ቡና ይዘህ ሂድ። ሹራቡ ካለ ፎቶ አንሳልኝ። ገልብጠህ ውስጡንም አንሳው፤ አያያዙ እንዲታየኝ። በቴሌግራም ብትልከውም ይሆናል፤ መልስህን ግን ጻፈው።

እማማን በጣም ሳምልኝ።

ወንድምህ፣ ከሃምቡርግ