የኔትወርክ ክበብ በ2017 ዓ.ም፦ ገመዱን ንቀሉት

ጥቅምት ላይ 14 ሆነን ጀመርን፤ ሰኔ ላይ 9 ልጆች ቀሩ። ዘጠኙም ከልባቸው ሠርተዋል።

የዓመቱን ጥያቄ የሰጠን ዓባይ ነው። ብዙዎቹ ልጆች ከወንዙ ማዶ ይመጣሉ። አዲሱ ድልድይ በ2016 ዓ.ም ከመመረቁ በፊት፣ በነበረው በአንዱ ላይ መኪና ሲበላሽ ምን እንደሚሆን ያውቁታል። «የትምህርት ቤታችን ኔትወርክስ ስንት ድልድይ አለው?» አልኳቸው። ቆጠሩት። ኮምፒውተሮቹን እርስ በርስ የሚያገናኝ አንድ ስዊች፣ አንድ ገመድ፣ ወደ ውጭ የሚያወጣን አንድ ራውተር።

ያገለገሉ ሁለት ስዊቾች አገኘን። ልጆቹ ወዲያው በሁለት ገመድ አገናኟቸው። የስዊቾቹ መብራቶች በሙሉ እኩል ይርገበገቡ ጀመር፤ ላቦራቶሪው ቀጥ አለ። ኢተርኔት ላይ፣ ማለትም በእንዲህ ያለው የገመድ ኔትወርክ፣ ለሁሉም የተላከ መልእክት የሚያበቃበት ዕድሜ አይሰጠውም። ቀለበት ካገኘ እየተባዛ ይዞራል። ይህን የሚከላከለው ስፓኒንግ ትሪ ስዊቾቹ ላይ ተዘግቶ ነበር። ራዲያ ፐርልማን የተባለች መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1985 ያበጀችው ዘዴ ነው፤ ስዊቾቹ ይነጋገሩና ትርፉን መንገድ ያሳርፉታል፣ ዋናው ሲቋረጥ ይቀሰቅሱታል።

ስፓኒንግ ትሪውን ከፍተን የሚሠራውን ገመድ ነቀልን። ፒንጉ፣ «አለህ?» እያለ መስመሩን የሚፈትሸው መልእክት፣ ቆመ። ልጆቹ ጮክ ብለው ቆጠሩ፤ 30 ገደማ ላይ ተመለሰ። ስዊቹ ያረፈውን መንገድ ከመክፈቱ በፊት 15 ሰከንድ ያዳምጣል፣ 15 ሰከንድ ይማራል። ወደ ፈጣኑ ዓይነት ስንቀይረው ለመቁጠር እንኳ ጊዜ አልሰጠንም።

የራውተሩን ሥራ በፓኬት ትሬሰር፣ ኔትወርክን ኮምፒውተር ላይ በሚያስመስል ፕሮግራም፣ ሞከርን። ኤችኤስአርፒ በሚባለው ዘዴ ሁለት ራውተሮች አንድ የጋራ አድራሻ ይይዛሉ። ዋናው በየ3 ሰከንዱ «አለሁ» ይላል፤ ለ10 ሰከንድ ድምፁ ከጠፋ ተጠባባቂው ይረከባል። አንዲት የ10ኛ ክፍል ልጅ ዋናውን ራውተር ወደ ውጭ የሚያወጣውን መስመር ብቻ ቆረጠችው። «ቲቸር፣ ይኼ እኮ መውጫ የለውም፤ አሁንም አለሁ ይላል!» አለችኝ። ከዓመቱ ሁሉ የምወደው ጥያቄ ይህ ነው። ዋናው የውጭውን መስመር እንዲከታተልና ሲቋረጥ ማዕረጉን እንዲቀንስ፣ ተጠባባቂውም ያኔ ቦታውን እንዲወስድ አድርገን ፈታነው። ለዚህ ብቻ ሦስት ሳምንት ሄደ፤ አልቆጨኝም።

በወላጆች ቀን ሥራችንን አሳየን። አንድ አባት ገመዱን ራሳቸው ነቀሉ፤ ምንም አልቆመም። ተጨበጨበ። ከዚያ አንዱ ልጅ ዞር ሲል እግሩ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያውን ማጥፊያ ነካው። ሁለቱም ስዊቾች ድርግም። ገመዱ ሁለት፣ ስዊቹ ሁለት፣ ማከፋፈያው አንድ ነበር። እኔም ዓመቱን ሙሉ አላየሁትም። ያቺው ልጅ «ድልድዩ ሁለት፣ መዳረሻ መንገዱ ግን አንድ» አለች።

በማግስቱ ሁለተኛውን ስዊች በወዲያኛው ግድግዳ ሶኬት ላይ ሰኩት። አሁን ሁለቱ ሶኬቶች በአንድ ቆጣሪ ሥር መሆናቸውን እያጣሩ ነው።