ለመንደራችን የታሪክ ጉባኤና ጉዞ ለደከማችሁ ሁሉ፦ የምስጋና መልእክት

የዘንድሮው የመንደራችን የታሪክ ጉባኤና ጉዞ በሰላም ተጠናቋል። ንግግሮቹ ተደምጠዋል፣ የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ የነበረው አንኮበር ተወጥቷል፣ የጥንት የገበያ ቦታው አልዩ አምባ ተወርዷል፣ የሄደውም ሰው ሁሉ በጤና ገብቷል። «እግዚአብሔር ይስጥልን» ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። ግን ማን ምን እንደሠራ፣ እንዴት እንደሠራውም ካልተጻፈ የከርሞው አዘጋጅ ከባዶ ይጀምራል። ስለዚህ ምስጋናችን ረዘም ቢል አትታዘቡን።

በቅድሚያ ቃላቸውን ለሰጡን አባቶችና እናቶች። «ሲባል ሰምቻለሁ» የሚባለውንና «በዓይኔ አይቻለሁ» የሚባለውን ለይታችሁ በመናገራችሁ ትልቁን ሥራ አቀለላችሁልን። ጠያቂዎቹም ዓመተ ምሕረት ካልነገራችሁን ብለው ስላላስጨነቁ ይመሰገናሉ። ዓመት በቁጥር የተጠየቀ ሽማግሌ እንግዳውን ላለማሳፈር ሲል የመጣለትን ይጠራል፤ ስሕተቱም ያን ጊዜ ይጻፋል። «ከኅዳር በሽታ በፊት ነው በኋላ? ጣሊያን ገብቶ ነበር?» ሲባል ግን ነገሩ ራሱ እየጠበበ ይመጣል። የሰገሌ ጦርነት ጥቅምት 1909 ነው፣ የኅዳር በሽታ የተባለው ወረርሽኝ 1911፣ ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933። ለእኛ አገር ሰው ደግሞ ከሰገሌ ይልቅ ራስ ልዑል ሰገድ የወደቁበት የቶራ መስክ ጦርነት ይቀርበዋልና በእሱ መጠየቅ ይሻላል።

ዓመቱ የተሰየመበት ወንጌላዊ ከታወቀ ደግሞ የበለጠ ይጠብባል። ዓመተ ምሕረቱን ለአራት ማካፈል ነው፦ 1 ከተረፈ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ። አንዲት እናት የእናታቸውን ልደት «ከኅዳር በሽታ በኋላ፣ ከጣሊያን በፊት፣ በዘመነ ሉቃስ» ቢሉ የ1911 የቀሩት ወራት፣ 1915፣ 1919፣ 1923 እና 1927 ብቻ ይቀራሉ። «ንጉሡ ዘውድ በጫኑበት ዓመት» ካሉበት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ ነውና 1923 ላይ አለቀ። የተወለዱት ጳጉሜን ስድስት ነው ከተባለም ሳይጠየቅ ዘመነ ሉቃስ ነው፤ ስድስተኛዋ ቀን የምትመጣው በሱ መጨረሻ ነውና።

የተናጋሪዎቹን ጽሑፍ አስቀድመው ላዩልን መምህራን ምስጋናችን ከፍ ያለ ነው። ከፈረንጅ መጽሐፍ የተቀዳ ዓመት ሁሉ ስምንት ይቀነስለታል የሚለው ልማድ ብዙ ያበላሻል። የዳግማዊ ምኒልክ ልደት በፈረንጅ ነሐሴ 1844 ስለሆነ ስምንት ሲቀነስ ልክ ይመጣል፤ ነሐሴ 12 ቀን 1836፣ አንጎለላ። ሰገሌ ግን በፈረንጅ ጥቅምት 1916 ነውና የሚቀነሰው ሰባት ነው። ከእንቁጣጣሽ እስከ ፈረንጆች አዲስ ዓመት ሰባት፣ ከዚያ ወዲያ ስምንት። ስምም እንዲሁ ነው። ሣህለ ማርያም፣ ምኒልክ፣ አባ ዳኘው አንድ ሰው መሆናቸውን ሁሉም ያውቃል፤ የአያቶቻችን የክርስትና ስም፣ የዓለም ስምና የፈረስ ስም ግን በትውልድ ቆጠራ ላይ ሦስት ሰው እየሆኑ ሐረጉን ያስረዝሙታል። መምህራኑ በየስሙ ጎን «ማን የሚጠራው?» የሚል ዓምድ ያስገቡት ለዚሁ ነው።

ቀረጻውን ለያዙት ወጣቶች፦ ስልኩን «የአውሮፕላን» ሁነታ ላይ አድርጋችሁ፣ ከተናጋሪው ክንድ በማይርቅ ቦታ፣ በታጠፈ ነጠላ ላይ ማስቀመጣችሁ ድምፁን አዳነው። ባዶ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ስልክ የሲኒውን ኳኳታ ሁሉ ይሰበስባል። ቡናው ከቀረጻው በፊት እንዲወቀጥ የለመናችኋቸው እናቶችም እሺ ስላሉ ይመስገኑ፤ ሙቀጫ ሲመታ የሽማግሌ ድምፅ አይተርፍም። ድምፁን ሳትጨምቁ በዋቭ (WAV) ፋይል መያዛችሁም ትክክል ነው። በአንድ ማይክ አንድ ሰዓት 320 ሜጋባይት ገደማ ይበላል፣ ግን ኋላ ለሚገለብጠው ሰው የከንፈር ድምፅ እንኳ ይሰማዋል። የፋይሉ ስም ቢጠፋ እንኳ እንዲታወቅ በመጀመሪያው ደቂቃ ቀኑን፣ ጎጡንና የተናጋሪውን ስም በቃል ማስገባታችሁን እንዳትተዉት።

አዳራሹን ላዘጋጃችሁም እንዲሁ። የቆርቆሮ ጣሪያ ዝናብ ሲመታው ሞንታርቦም አያድነውም፤ ክረምት ላይ ንግግሩ ከሰዓት በፊት ከቅዳሴ መልስ መሆኑ ለዚህ ነው። ሞንታርቦውን ከማይኩ ቀድሞ ወደ ሕዝቡ ዞሮ እንጂ ከኋላው አለማቆማችሁ ጩኸቱን አስቀረ፣ ምክንያቱም የራሱን ድምፅ መልሶ የሚሰማ ማይክ ያፏጫል። መብራት ሊጠፋ ይችላል ብላችሁ ፎቶዎቹን በካርቶን ላይ ለጥፋችሁ መምጣታችሁም ከፕሮጀክተር ይበልጣል። ተናጋሪዎችን ከ40 ደቂቃ በኋላ በትሕትና ላስቆመው ወንድማችን የተለየ ምስጋና አለን፤ ቀላል ሥራ አይደለም።

የብራና መጻሕፍቱን እንድናይ ለፈቀዱልን ቄሰ ገበዝና ለሰበካ ጉባኤው። ለመንደር ታሪክ ብዙ የሚገኘው ከዳዊቱ ንባብ ሳይሆን ከፊትና ከኋላ ባሉት ባዶ ቅጠሎችና ከኅዳጉ፣ ማለትም ከገጹ ዳር ነው፦ የርስት ስጦታ፣ የምስክር ስም፣ የንዋየ ቅድሳት ዝርዝር። ቄሰ ገበዙ ራሳቸው እየገለጡ፣ መጽሐፉን በሁለት ትራስ ደግፈው፣ ከሩብ ክብ በላይ ሳይዘረጉት አሳዩን። በኃይል የተዘረጋ ብራና ስፌቱን ይበጥሳል። ጧፍ አለመቅረቡም ጥሩ ነው፤ ሰም የነካው ፊደል አይመለስም። ፍላሽ ተከልክሎ በመስኮት ብርሃን ብቻ ነው የተነሣው። የደበዘዘ ጽሑፍ ብርሃኑ ከጎን ሲመጣለት የብዕሩ ጭረት ጥላ ያወጣልና ይነበባል። በጠመኔ መሙላት ወይም በውኃ ማርጠብ የሚባል ነገር ከእንግዲህ ማንም እንዳያነሣው።

ወደ ጉዞው ስንመጣ፣ ከደብረ ብርሃን አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም ቁልቁለቱ ሾፌር ይመርጣል። ፍሬኑን እየረገጠ የሚወርድ ያግለዋል፣ ያን ጊዜ መያዝ ያቆማል፤ የእኛ ሾፌሮች በከባድ ማርሽ ስላወረዱን አንድም ሰው ደንግጦ የፈጣሪን ስም ሲጠራ አልተሰማም። በጥቅምት አንድ አጥንት የሚባለውን ብርድ ለሚያውቅ ሰው ጋቢ ያዙ ማለት አያስፈልግም ነበር፣ ከተማ ለሰነበቱት ግን አስፈልጓል። ከቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ላይ የቀረው የግንብ ቅሪት ነው፣ ስለዚህ አስረጂዎቹ ሰዉን ከመውጣቱ በፊት ሥር ላይ አቁመው የሸዋውን ንጉሥ የሣህለ ሥላሴን ዘመን መተረካቸው ብልህነት ነው፤ አናት ላይ ነፋሱ ቃል አያሰማም። የገል ስባሪ ያነሡ ልጆች ከጎኑ ብር አስቀምጠው ፎቶ አንሥተው መልሰው እንዲያኖሩት መደረጉም ደስ ይላል፤ ብሩ ለመጠን ነው፣ የተነሣበት ቦታ የጠፋ ገል ግን የሸክላ ቁራጭ ብቻ ነው።

አልዩ አምባ የተቀበሉን የአርጎባ አባቶችና እናቶች ልዩ ምስጋና ይገባቸዋል። ከሐረር የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ የሚያርፍበት፣ በሣህለ ሥላሴ ዘመን አርብ ገበያው የታወቀ ቦታ ስለሆነ እኛ አንኮበር ላይ ስለ ቤተ መንግሥት የሰማነውን እነሱ ከገበያው ወገን ነገሩን። ሁለቱ ወገን በአንድ ቀን መሰማቱ ጉዞውን ጉዞ አድርጎታል። ለባለ በቅሎዎቹም እንዲሁ፦ መውረድ ከመውጣት ይልቅ ጉልበት ይጎዳል፣ አረጋውያኑን በመውረጃው ማሳፈራችሁ ትክክል ነበር። ኮርቻው ወደ በቅሎዋ አንገት እንዳይሸሽ በጭራዋ ሥር የሚያልፈውን ማሰሪያ በየዕረፍቱ ስትፈትሹ አይተናል። ቆላው ሲገባ ለአንድ ሰው ሁለት ሊትር ውኃ መያዙ በዛ ያላችሁ ስትመለሱ ምን እንዳላችሁ አናነሣም።

በሶውን፣ ቆሎውንና የጾም ወጡን ላዘጋጃችሁ እናቶችና እህቶች፣ ጠላውን ከንግግሩ በኋላ እንጂ በፊት ላላወጣችሁም፣ እጃችሁ ይባረክ።

የቀረጻዎቹ ቅጂ በሦስት ቦታ ተቀምጧል፦ በትምህርት ቤቱ፣ በደብሩ ጽሕፈት ቤትና ከመንደር ውጭ በሚኖር አንድ ልጃችን ዘንድ። ቃላችሁን የሰጣችሁ ሁሉ መጥታችሁ ስሙት። የሚታረም ስም፣ የሚጨመር ምስክር ወይም እንዲወጣ የማትፈልጉት ነገር ካለ እስከ መስቀል ንገሩን፤ ከዚያ በኋላ ወደ ወረቀት ይገለበጣል።

የታሪክ ማኅበሩ አዘጋጆች