ሰሊዬ፣ እማማን ከመውሰድሽ በፊት

ሰሊዬ፣

ጠፋሁ አይደል? ይቅር በይኝ። ስድቡን በሌላ ጊዜ ታወርጂብኛለሽ፣ አሁን ነገር ይዤ ነው የመጣሁት።

ቅዳሜ ሲልቨር ስፕሪንግ እንጀራ ልገዛ ገብቼ ወንድምሽን አገኘሁት። እማማን ወገባቸውን እንዳመማቸው፣ አንቺም እዚያ አውሮራ አከርካሪን በእጅ የሚያስተካክል ካይሮፕራክተር ጋ ለሐሙስ ቀጠሮ እንዳስያዝሽላቸው ነገረኝ። እንጀራውን ታቅፌ መኪና ውስጥ ቁጭ አልኩ። ልደውል አልደውል ስል መሸ። ድምፅሽን ከሰማሁ ማልቀሴ አይቀርም፣ ስለዚህ ልጻፍልሽ።

እኔም ከነሱ አልጋ ላይ ተኝቼ ተነስቻለሁ። የምንከባከባቸውን ሴትዮ ከአልጋ ወደ ዊልቸር ሳዛውር ወገቤ ተያዘ። ጎንበስ ብዬ ጫማዬን ማሰር እንኳ አቃተኝ። የሥራ ባልደረባዬ ጎትታ ወሰደችኝ።

መጀመሪያ ፎርም ይሰጡሻል። መቼ ጀመረሽ፣ ወድቀሽ ታውቂያለሽ፣ ምን መድኃኒት ትወስጃለሽ፣ ምን ቀዶ ጥገና አድርገሻል፣ ብዙ ነው። ከዚያ ሰውየው ራሱ ይጠይቃል። ደም ግፊት ለካኝ፣ ጉልበቴን በትንሿ መዶሻ መታ መታ አደረገ፣ በጣቶቼ እንድቆም አዘዘኝ። በጀርባዬ አስተኝቶ እግሬን ሳላጥፈው ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ አነሳው። ሕመሙ ከጉልበት በታች የሚወርድ ከሆነ ነርቭ ተነክቶ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። የእኔ አልወረደም። እንደዚህ መርምሮ ካልጀመረ ሰው እጅ አትግቢ። ኤክስሬይ ደግሞ ለሁሉም አያስፈልግም፤ ገና ከበር "እናንሳ" ካሉሽ ለምን እንደሆነ ጠይቂ። ዶክተር ቢባሉም ዶክትሬታቸው የካይሮፕራክቲክ ነው፣ እንደ ሐኪም ቤቱ መድኃኒት አያዙም።

ከዚያ በጎኔ አስተኛኝ። የላይኛውን ጉልበቴን አጠፈ፣ እጆቼን ደረቴ ላይ አነባበረ፣ "ተንፍሺ" አለኝ። ወደ ውጭ ስተነፍስ ወገቤን በአንድ አፍታ ገፋው። እንደ ደረቅ እንጨት ቋ! አለ። "በስመ አብ!" ብዬ ጮህኩ። ሰውየው ደንግጦ "ይሄ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?" አለኝ። ድምፁ የአጥንት አይደለም፣ መገጣጠሚያው ፈሳሽ ውስጥ ያለ ጋዝ ነው። ምንም ባይጮህም ችግር የለውም። በማግስቱ ሰውነቴ ተቆራርጦ አደረ፤ አንድ ሁለት ቀን እንደዚያ መሆኑ የተለመደ ነው አሉኝ፣ እውነትም ለቀቀኝ።

ግድግዳው ላይ የጀማሪያቸው ፎቶ አለ። ፓልመር የሚባል ሰውዬ በ1895 አይዋ ውስጥ ዳቬንፖርት በምትባል ከተማ የአንድ የጽዳት ሠራተኛ ጀርባ ተጭኖ የደነቆረ ጆሮውን ከፈትኩ አለ አሉ። የአያትሽን ወጌሻነት እንዴት እንደሳቅንበት ትዝ አለኝ። ቢያንስ እሳቸው ክንዴን ነው ያሹኝ፣ ጆሮዬን አልነኩም።

እንዳትስቂብኝ፣ ወገቤ ግን ቀለለኝ። በራሱ ጊዜ ይቀለኝ ነበር ወይ? ሊሆን ይችላል፣ አብዛኛው የወገብ ሕመም በሳምንታት ውስጥ ይሻለዋል። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ማኅበርም በ2017 ባወጣው መመሪያ ለተራ የወገብ ሕመም ከመድኃኒት በፊት ሙቀት፣ ማሳጅ፣ አኩፓንክቸር ወይም ይሄንኑ የአከርካሪ ሕክምና ሞክሩ ብሏል። ስለዚህ ለወገብ እሺ። ለአስም፣ ለጆሮ ኢንፌክሽን እናክማለን ካሉሽ ግን ቦርሳሽን ይዘሽ ውጪ።

ስወጣ እንግዳ ተቀባይዋ ወረቀት ዘረጋችልኝ። በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ ለወራት፣ አስቀድመሽ ከከፈልሽ ቅናሽ አለው። "ባሌን ላማክር" ብዬ ወጣሁ።

ሰሊ... ባል እኮ የለኝም አሁን። እንዲህ መሃል ላይ መወርወር አልፈለግኩም ነበር። ዝም ያልኩትም በሱ ነው። ደህና ነኝ፣ እውነቴን ነው። ሌላ ቀን እንጫወታለን።

ወደ እማማ ልመለስ፣ የጨነቀኝ እሱ ነው። እሳቸው እኔ አይደሉም። አጥንታቸው ሳስቷል፣ በረዶ ላይ አንሸራቷቸው የእጃቸው አንጓ የተሰበረው በዚሁ ነው። ደም ማቅጠኛም ይወስዳሉ። አጥንቱ የሳሳ ሰው ወገቡን ድንገት ሲያመው አከርካሪው ራሱ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ ያን ግፊት! ስለዚህ መጀመሪያ የራሳቸው ሐኪም ይያቸው፣ ለሳቸው ኤክስሬዩም ያስፈልጋል። እሺ ከተባለ እንኳ በእጅ ለስለስ አድርጎ የሚጫን ወይም በትንሽ መሣሪያ ነካ ነካ የሚያደርግ ሰው ፈልጊ። አንገታቸውን ግን ማንም አይጠምዝዝ። አልፎ አልፎ ነው ይላሉ፣ ግን አንገት ሲጠመዘዝ የደም ሥር ተቀዶ ስትሮክ የመጣበት ሰው አለ።

ሽንታቸውን መቆጣጠር ካቃታቸው፣ ጭናቸው መሃል ከደነዘዛቸው ወይም እግራቸው ከከዳቸው ደግሞ ቀጠሮ የሚባል ነገር የለም፣ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ነው።

የአረጋውያኑ የመንግሥት ጤና መድን፣ ሜዲኬር፣ ካላቸው የአከርካሪውን በእጅ ማስተካከል ይሸፍናል፣ ካይሮፕራክተሩ የሚያነሳውን ኤክስሬይ ግን አይከፍልም። በኋላ ቢል ሲመጣ እንዳትደነግጪ።

ፎርሙን ለሳቸው አትተዪው። እማማን አውቃቸዋለሁ፣ "ሕመም አለብዎት?" ሲባሉ "ተመስገን፣ ደህና ነኝ" ነው መልሳቸው። ሐኪም ጠይቀሽ እስኪመልስልሽ የሐሙሱን ቀጠሮ አስተላልፊው። መድኃኒቶቻቸውን ከነጠርሙሳቸው ጠረጴዛ ላይ ደርድሪና ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፤ አንድ በአንድ አብረን እንጽፋቸዋለን። ከሥራ የምወጣው በእናንተ ሰዓት ማታ ሁለት ላይ ነው። ደግሞ ያቺን አረንጓዴ ክኒን እንዳትረሺያት፣ ትራስ ሥር ነው የሚያስቀምጧት።

ያንቺው ሂሩት